ያከረመ ያሰማራ፦ የቶርበል መንደር መሬት፣ ታሪክና ኑሮ



የዛሬው ዲስኩሬ ወደ 500 የሚጠጉ ነዋሪዎች ስላሏት ቶርበል ስለምትባል የስዊዘርላንድ መንደር ነው። ለአንዲት ትንሽ መንደር ይህን ሰዓት የሰጠሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የቶርበል ገበሬዎች ግጦሻቸውን፣ ደናቸውንና የመስኖ ቦያቸውን ከ500 ዓመታት በላይ በወል ይዘው ሳያጠፉት ኖረዋል። ይህ የሆነው ግን ከሌላው ሕዝብ የተለየ ደግነት ስለነበራቸው አይመስለኝም። ማንም በዓይኑ ሊቆጥረው የሚችል ልክ፣ ልኩን የሚጠብቅ ሹም፣ ባለመብቱን ከእንግዳው የሚለይ ወሰን ስለነበራቸው ነው። ዘመኖቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከመሬቱ ልጀምር። ቶርበል በደቡብ ስዊዘርላንድ በቫሌ ካንቶን፣ ከፊስፕ ከተማ በላይ ባለው ሸለቆ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ግዛቷ ከሸለቆው ግርጌ ተነስቶ ወደ 3 ሺህ ሜትር እስከሚጠጋ ጫፍ ይወጣል። ከታች ወይን ይተከላል፤ ከፍ ሲል ራይ የሚባለው ብርድ የሚችል እህል፣ የጓሮ አትክልትና የድርቆሽ ሣር ይበቅላል፤ ከዚያ ደኑ፣ ከደኑ በላይ ደግሞ ከብት በሞቃቱ ወራት ብቻ የሚሰማራበት ግጦሽ አለ። አንድ ቤተሰብ ለመኖር ከእያንዳንዱ እርከን ጥቂት ጥቂት ያስፈልገው ነበር። ዙሪያውን የከበቡት ተራሮች ዝናቡን ስለሚያስቀሩበት አካባቢው ከስዊዘርላንድ ደረቅ ስፍራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ውሃ ከከፍታው በቦይ እየተመራ ወደ ማሳው ይወርዳል።

ነዋሪዎቹ ካቶሊኮች ናቸው፤ የሚናገሩትም የላይኛው ቫሌ የጀርመንኛ ዘዬ ነው። ነባሮቹ ቤቶች ከእንጨት የተሠሩ ናቸው። ጎተራዎቹ በአጫጭር እግሮች ላይ ይቆማሉ፤ በእግሮቹና በወለሉ መካከል ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስለሚገባ አይጥ ወጥቶ እህሉን አይደርስበትም።

አሁን ወደ ሕጉ ልለፍ። የመንደሯ የጽሑፍ ሰነዶች እስከ 1224 ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የካቲት 1 ቀን 1483 ነዋሪዎቹ ግጦሹን፣ ደኑንና ጠፍ መሬቱን በማኅበር ለማስተዳደር ሰነድ ፈረሙ። ከውጭ የመጣ ሰው በቶርበል መሬት ቢገዛ እንኳ ከላይኛው ግጦሽ ወይም ከደኑ መብት እንደማያገኝ ደነገጉ። በ1517 ደግሞ የሁሉም መሠረት የሆነው ደንብ በጽሑፍ ይገኛል፤ ማንም ሰው በበረዶው ወራት ቀልቦ ካከረማቸው ላሞች በላይ ወደ ላይኛው ግጦሽ መስደድ አይችልም።

የዚህ ደንብ ብልሃት ቀላል ነው። በበረዶው ወራት ከብቱ በጋጣ ታስሮ የሚበላው ድርቆሽ ብቻ ነው። ድርቆሹን የሚሰጠው የገበሬው የራሱ ማሳ በመሆኑ፣ የግል መሬቱ ስፋት በወሉ ግጦሽ ላይ ያለውን ድርሻ ይወስናል። ገንዘብ ያለው ሰው በረዶው ሲቀልጥ ከገበያ ከብት ገዝቶ የጋራውን ሣር ሊያስግጥ አይችልም። በጋጣ ስንት ላም እንደከረመ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ደንቡን የሚያስከብረው የመንደሩ ሹም ከሚሰበስበው መቀጮ ግማሹን ለራሱ ስለሚያስቀር፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍበት ምክንያት አልነበረውም። ከብቱ ወደ ላይ ሲወጣ ወዲያው ይቆጠራል፤ እረኞቹ ከወል ወተቱ የሠሩት አይብ የሚከፋፈለውም በዚያ ቆጠራ መሠረት ነው።

ለእንጨትም ሥርዓት ነበረ። ሹሙ የሚቆረጡትን ዛፎች ምልክት ያደርግባቸዋል። ባለመብቶቹ በቡድን በቡድን ሆነው ይቆርጣሉ፣ ያጓጉዛሉ፣ እኩል እኩል አድርገው ይከምራሉ፤ ክምሩ የሚታደለው በእጣ ነው። የትኛው እንደሚደርሰው የማያውቅ ሰው አንዱን ክምር አያሳንስም። ግጦሹን የማደሱና የመጠገኑ ሥራም ብዙውን ጊዜ በከብት ብዛት ይደለደል ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቶርበል የግል ንብረት የማታውቅ መንደር አልነበረችም። የእህል ማሳው፣ የድርቆሽ መሬቱና የወይን ቦታው የግል ነበሩ፤ ለልጆች ሁሉ እየተከፋፈሉም ይወረሱ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሜትሮች ከፍታ ላይ ያለው ሣር ግን በስፋቱ ልክ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ከርሞ እዚያ ይበቅላል። ቢቆራረስ ለማንም አይበቃም። ገበሬዎቹ የግሉንና የወሉን የለዩት እንደ መሬቱ ጠባይ ነው።

ይህ የወል አያያዝ በምሁራን ክርክር ውስጥም ገብቷል። በ1968 አሜሪካዊው ምሁር ጋሬት ሃርዲን ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጻፈ። ቀደም ሲል በናይጄሪያ የኮፍያር ገበሬዎችን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ሮበርት ኔቲንግ ደግሞ ወደ ቶርበል ሄዶ የደብሩን መዝገቦችና የመሬቱን አያያዝ መረመረ፤ መጽሐፉንም በ1981 አሳተመ። ምሁሯ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባወጣችው ሥራዋ ቶርበልን ከዋና ምሳሌዎቿ አንዷ አደረገቻት፤ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከሥራዋ የምንረዳው፣ የሃርዲን ግጦሽ ባለቤትም ደንብም የሌለው መሆኑን ነው። የቶርበሉ ሁለቱም አሉት።

ነገር ግን ሥርዓቱ ዋጋ አስከፍሏል። በሩ ለእንግዳ ዝግ ነበር። መሬቱ ለሁሉ ስለማይበቃ ብዙዎች ዘግይተው አገቡ፣ ሳያገቡ የቀሩም ጥቂት አልነበሩም፣ ሌሎችም ተሰደዱ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድንች ሲገባ ነው የሕዝቡ ቁጥር ከፍ ሊል የቻለው። ሴቶች ከወንዶች እኩል ቢለፉም በፖለቲካው ድምፅ አልነበራቸውም። ኡንተርቤኽ የተባለችው የዚያው ካንቶን መንደር በ1957 ሴቶቿን ድምፅ በማሰጠት ቀዳሚ ስትሆን፣ አገር አቀፉ መብት የጸደቀው በ1971 ነው። ስለዚህ ስለ ሽማግሌዎች ጥበብ ስናወራ ጥበቡ ለማን እንደነበረ መጠየቅ አለብን።

ኋላ ኑሮው ተለወጠ። ከፊስፕ ዘርማት የሚደርሰው የባቡር መስመር በ1891 ተጠናቀቀ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሎንዛ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ በፊስፕ ሥራ ጀመረ። የተራራው ገበሬ ቀን በፋብሪካ፣ ማታ በማሳው የሚሠራ ሆነ፤ ከጊዜ በኋላም ላሙን እየተወ ደመወዙን ያዘ። ዛሬ በስዊስ አልፕስ በብዙ ቦታ የግጦሹ ችግር የከብት መብዛት አይደለም፤ የሚግጠው ከብት እያነሰ፣ ቁጥቋጦና ደን ሣሩን እየዋጠው ነው። ዩኔስኮ በ2023 የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ ባህልና የመስኖ ልማድ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገቡ ላይ አስፍሯል።

ከዚህ የምወስደው ድምዳሜ ሁለት ገጽ አለው። ልኩ የሚቆጠር፣ ጠባቂው የሚታወቅ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጡት ሕግ የጋራን ሀብት ለብዙ ትውልድ ሊያቆይ ይችላል፤ ቶርበል ለዚህ በጽሑፍ የተደገፈ ማስረጃ ናት። ሆኖም የ1517ቱ ደንብ የሚከለክለው ከልክ ያለፈውን ነው፤ ላም ማክረም የማይፈልገውን ወጣት አክርም ሊለው አይችልም። የወል መሬትን ለማዳን የሚነሳ ሁሉ ደንቡን ከመጻፉ በፊት በዚያ መሬት ላይ መኖር የሚያዋጣ መሆኑን ያረጋግጥ።