የአንዲስ ሸማኔዎችና የሥራቸው ዋጋ

ዛሬ ወደ ሩቅ አገር እንሄዳለን። አገሩ ፔሩ ይባላል። የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ ነው። በዚያ አገር አንዲስ የሚባሉ ታላላቅ ተራሮች አሉ። በተራሮቹ ላይ ኬችዋ የሚባል ቋንቋ የሚናገሩ ገበሬዎችና ሸማኔዎች ይኖራሉ። የምንነጋገረው ስለ እነዚህ ሸማኔዎችና ስለ ሥራቸው ዋጋ ነው።

አገሩ ብርድ ነው። ቺንቼሮ የምትባለው መንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ ጥጥ አይበቅልም። ሸማኔዎቹ የሚሠሩት በበግና በአልፓካ ጠጉር ነው። አልፓካ የግመል ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ሻኛ የለውም፤ ከግመልም እጅግ ያንሳል። ሴቶቹ በግ ሲጠብቁም፣ መንገድ ሲሄዱም እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። የእናቱን እንዝርት የሚያውቅ ሰው የእነሱን ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም።

ክሩ ከተፈተለ በኋላ ቀለም ይነከራል። ቀዩ ቀለም ከምን ይገኛል ትላላችሁ? ከተባይ ነው! በቁልቋል ላይ ተጣብቃ የምትኖር ኮቺኒል የምትባል ትንሽ ተባይ አለች። ተለቅማ ትደርቃለች፤ ተፈጭታ በውኃ ትፈላለች። ሎሚ ሲጨመቅበት ቀለሙ ይለወጣል።

ከዚያ ሽመናው ይጀመራል። ሸማኔዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች። የድሩን አንድ ጫፍ ከእንጨት ጋር ታስራለች፤ ሌላውን በወገቧ ትታጠቃለች። ወደ ኋላ ስትል ድሩ ይወጠራል። ንድፉ በወረቀት ላይ አይደለም፤ በልቧ ነው የያዘችው። ክሩን እየቆጠረች ታነሳለች። አንዱን ብትስት ሥዕሉ ይበላሻል።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ነጋዴ ይመጣና “ይህን ቀበቶ በ100 ሶል ልውሰደው” ይላል። ሶል የፔሩ ገንዘብ ነው። 100 ብዙ ይመስላል። እስቲ አብረን እናስላ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የቀረቡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ለጠጉሩ 30 ሶል ወጥቷል፤ ለቀለሙ 10። ሲደመር 40 ነው። ከ100 ላይ 40 ሲቀነስ 60 ይቀራል። ሽመናው 12 ቀን ፈጅቷል። 60 ለ12 ሲካፈል 5 ነው። የቀን ድካሟ 5 ሶል ወጣ ማለት ነው። ግን ቆዩ! ፍተላውን አልቆጠርነውም። ፍተላው 8 ቀን ከወሰደ፣ የሥራው ቀን በሙሉ 20 ይሆናል። 60 ለ20 ሲካፈል 3 ብቻ ነው። ነጋዴው ፍተላውን በነፃ ወሰደው!

ይህን ለማቃናት ፍትሐዊ ንግድ የሚባል አሠራር አለ። በዚህ አሠራር ገዢና ሸማኔ ዋጋውን ተነጋግረው ይወስናሉ። በዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ደንብ መሠረት፣ የእጅ ሥራ አምራቾች ከጠየቁ፣ ገዢው ቢያንስ 50 በመቶ ቀብድ ያለ ወለድ ይከፍላል። ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። ቀብድ ያላገኘች ሸማኔ ጠጉር ለመግዛት ከነጋዴው ትበደራለች። ባለዕዳ ደግሞ ስለ ዋጋ ምን አፍ አለው? የሚፈረመው ወረቀት በስፓኝ ቋንቋ ከሆነና እሷ የምታውቀው ኬችዋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ለእኔ፣ ሸማኔዋ ደብተሩን አንብባ ካልተረዳችው፣ ዕቃው ላይ “ፍትሐዊ” ተብሎ ቢለጠፍም ዋጋ የለውም።

ራሳቸው ሸማኔዎቹ የሠሩትን እንይ። ኒልዳ ካያኛውፓ የቺንቼሮ ልጅ ናት። በልጅነቷ በግ እየጠበቀች መፍተልና መሸመን ተማረች። በ1996 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከሌሎች ጋር ሆና በኩስኮ ከተማ የባህላዊ ሽመና ማዕከል አቋቋመች። ማዕከሉ በኩስኮ ዙሪያ ካሉ መንደሮች ሸማኔዎች ጋር ይሠራል፤ የተረሱ ንድፎችና የቀለም አሠራሮች እንዲመለሱም አድርጓል። ሥራው ሲሸጥ የሸማኔዋ ስም አብሮ ይጻፋል።

ቲቲካካ በሚባለው ታላቅ ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ታኪሌ የምትባል ደሴት አለች። በዚያ ሴቶቹ ይሸምናሉ፤ ወንዶቹ ከክር የራስ ቆብ ይሠራሉ። ወንድ ልጅም ቆብ መሥራትን ገና በልጅነቱ ይማራል። ደሴተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ዕቃቸውን በጋራ መደብር ይሸጣሉ። ዋጋው የተቆረጠ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ዋጋ እየሰበረ አይሻማም። ዩኔስኮም በ2005 የታኪሌን የሽመና ጥበብ የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ አውጆታል።

ነገር ግን ሁሉም አልተሟላም። ጎብኚዎችን ወደ ደሴቷ የሚያመላልሱት ቀድሞ የደሴተኞቹ የራሳቸው ጀልባዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ ሕጉ ሲለወጥ የውጭ አስጎብኚዎች ጀልባዎች ገቡና ከጀልባው ገቢ ብዙው ወደ እነሱ ሄደ። የቆቡን ዋጋ ደሴተኞቹ ይወስናሉ፤ ገዢው መቼ እንደሚመጣና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ባለጀልባው ነው።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ያው ቀበቶ በ240 ሶል ተሸጠ እንበል። ቀብዱ 50 በመቶ ነው። የጠጉሩና የቀለሙ ወጪ እንደ ቀድሞው 40 ሶል፣ ሥራው ከነፍተላው 20 ቀን ነው። ቀብዱ ስንት ሶል ነው? ለሸማኔዋ በቀን ስንት ይደርሳታል? መልሱን ጽፋችሁ ለጎረቤታችሁ አሳዩ። ቸር ሰንብቱ።