የእጅ ስልክ በታናናሾቻችን ክፍል
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዕለት በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነው ጉዳይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሚመለከት ነው፤ ይኸውም የእጅ ስልክ፣ ታብሌትና በኢንተርኔት የሚተላለፍ ትምህርት ታናናሾቻችንን በምን እንደሚጠቅምና በምን እንደሚጎዳ ነው። ቤት የሚጸናው በመሠረቱ ስለ ሆነ፣ ወደዚህ ግቢ የሚመጣውም ተማሪ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ስለ ሆነ፣ ነገሩ ሁላችንንም ይነካል።

ይህን ጉዳይ እኛ ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር፤ አንዳንድ መምህራንም የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልኩልን ነበር። አባት ከሥራ እስኪገባ ስልኩን በር በሩን እያየን እንጠብቃለን፤ ሲገባም ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ስልክ ላይ እንሻማለን። የሬዲዮ ጣቢያው የት እንደሚገኝ የሚነግረው፣ ስልክም የሚያውሰው ያጣ ልጅ ግን የቀድሞ ደብተሩን እያገላበጠ ዋለ። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመር ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ያነቡት የነበረውን ማንበብ አቅቷቸው ተመለሱ፤ አንዳንዶቹም ከቶ ሳይመለሱ ቀሩ። መሣሪያ ያለውን ልጅ ሲያራምድ የሌለውን ወደ ኋላ እንደሚተው ያን ጊዜ በዓይናችን አየን።

እንግዲህ መሣሪያው ክፉ ነውን? እንዲህ ብለን ለመፍረድ አንቸኩልም። በአገራችን የሆኑ ሁለት ነገሮች ጥሩ ትምህርት ይሰጡናል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች መታየት ጀምሮ ነበር። ታላላቆቻችን ሲያወሩት እንደ ሰማነው፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ ተማሪው ይግባው አይግባው ሳያውቅ ያልፍ ነበር፤ በክፍሉ ያለውም መምህር ሊያስቆመው አይችልም ነበር። በዚያው ዘመን ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ከባለቤቷ ጋር በካልሲ የተሠሩ አሻንጉሊቶችን ይዛ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ዝግጅት ጀመረች። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ብዙዎቻችን በልጅነታችን በአማርኛ እያዋዛች ስታስተምር ተመልክተናታል። አንደኛው መሣሪያ ታላቅ ነበር፤ ሁለተኛው ካልሲ ነበር። ነገር ግን ካልሲውን የያዘችው የልጅን ጠባይ የምታውቅ መምህርት ስለ ነበረች ልጆች ተከተሏት።

መሣሪያው በምን ሊረዳ እንደሚችል በፊደላችን እንመልከት። አንድ ልጅ 33ቱን ፊደላት በሰባት በሰባት ድምፅ ሲያጠና 231 ምልክቶችን መለየት አለበት። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ ልዩነታቸውን የሚያሳየው ዓይን ብቻ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ግን ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል፤ ጽሕፈቱ አንድ ስለ ሆነ ይህን የሚለየው ጆሮ ነው። ስለዚህ ልጁ ገጹን እያየ የመምህሩን ድምፅ ደጋግሞ ቢሰማ ትልቅ ርዳታ ያገኛል። ሰባ ልጆች ባሉበት ክፍል መምህሩ ለእያንዳንዱ አሥር ጊዜ ሊያነብ አይችልም፤ የተቀዳ ድምፅ ግን አይደክምም።

እኛም ይህን አስበን ቅዳሜ ቅዳሜ በአቅራቢያችን በሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ንባብ ማስጠናት ጀመርን። ጥፋታችንን ሳንደብቅ እንናገራለን። መጀመሪያ የወሰድነው የፊደል ጨዋታ ያለበት ስልክ ነበር። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ ግን ፊደሉን ትተው ትክክል ሲሆን የሚወጣውን ኮከብ ለማግኘት በግምት ይነካኩ ነበር። ፈጣኖቹ ስልኩን ያዙት፤ በስተኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሰዓቱ እስኪያልቅ እጇ አልደረሰበትም። ከሁሉ የበለጠ ማንበብ የሚያስፈልጋትም እርሷ ነበረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራውን ለወጥነው። የክፍሉ መምህርት ከመማሪያ መጽሐፉ አንዱን ምንባብ በቀስታ አነበቡልን፤ እኛም በስልክ ቀዳነው። ልጆቹን አራት አራት አድርገን አስቀመጥን። ልጁ መጀመሪያ ይሰማል፤ ሁለተኛ በጣቱ ቃሉን እየተከተለ ያነባል፤ ሦስተኛ የራሱን ድምፅ ቀድቶ ያዳምጣል፤ በመጨረሻም ቃሉን በደብተሩ ይጽፋል። ኢንተርኔት አላስፈለገንም፤ ድምፁንም ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ አስተላለፍነው። ያች በስተኋላ የነበረች ልጅ የራሷን ንባብ በሰማች ጊዜ «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» ብላ ማንም ሳይነግራት እንደገና አነበበች። እኛ በዚያ ቀን ያየነውን ደስታ በፈተና ውጤት እንኳ አላገኘነውም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በትሕትና እናሳስባለን። መምህራኖቻችን ሆይ፤ ስልኩ እናንተን እንዲተካ አትፍቀዱለት፤ እንደ ጠመኔው ሁሉ በእጃችሁ ይሁን፤ ስታቆሙትም ይቁም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፤ ልጅን ዝም ለማሰኘት ስልክ መስጠት ቀላል ነው፤ ዩቲዩብ ግን ከፊደል መዝሙር ተነሥቶ ሳይታሰብ ለልጅ ወደማይገባ ነገር ያደርሳል፤ እባካችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ የማታው ሰዓት ሲደርስም ስልኩን ተቀበሏቸው። የትምህርት ጓደኞቻችን ሆይ፤ በየቤታችን መስተዋቱ ተሰንጥቆ በመሳቢያ የተጣለ ስልክ አይጠፋም። ሲም ካርድ ባይኖረውም ድምፅ ያሰማል፤ ድምፅም ይቀዳል። በሚመጣው ቅዳሜ እርሱን ከባትሪ መሙያው ጋር ይዛችሁ ከእኛ ጋር እንድትመጡ እንለምናችኋለን።

ትምህርት ቤታችን ወደፊት ሌላ በዓል ሲያከብር በዚህ ስፍራ ቆመው የሚናገሩት ዛሬ ፊደል የሚቆጥሩት ልጆች ናቸው። በስተኋላ የምትቀመጠው ልጅ ከእነርሱ መካከል እንዳትጎድል ሁላችንም እንትጋ።