ተማሪዎች የተከራከሩለት ቤት

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። ቤቱ የሚገኘው በአሜሪካ አገር፥ በቺካጎ፥ ሃይድ ፓርክ በተባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ 1889 ድረስ ከከተማው ውጭ ራሱን የቻለ ነበረ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ፍሬድሪክ ሮቢ የተባለ ወጣት ነጋዴ ቤት እንዲሠራለት ፍራንክ ሎይድ ራይትን ጠየቀ፤ ሥራውም በ1909 ተጀምሮ በ1910 አለቀ።

በዚያን ዘመን ባለጸጎች የሚያሠሩት ቤት ቁመቱ ከፍ ያለ፥ ክፍሎቹ እንደ ሣጥን የተዘጉ፥ ጌጡም ከአውሮፓ የተቀዳ ነበር። ራይትና የሥራ ጓደኞቹ ግን የገዛ አገራቸውን ምድር ተመለከቱ። ያ ምድር የተዘረጋ የሣር ሜዳ ስለ ሆነ ቤቱም እንደ ሜዳው የተጋደመ ይሁን አሉ። የአሠራሩም ስልት ከሜዳው ስም «ፕሬሪ» ተባለ።

ይህ ሐሳብ በሮቢ ቤት እስከ ጡቡ ድረስ ወርዷል። ጡቡ ቀጭንና ረጅም ነው። የአግድሙ መጋጠሚያ ነጣ ባለ ጭቃ ገባ ተደርጎ ሲሠራ፥ የቁሙ ግን የጡቡን ቀለም በመሰለ ተሞልቷል፤ ስለዚህ ዓይን የሚከተለው አግድሙን መሥመር ብቻ ነው። ዝቅ ያለው ጣራ ከመጨረሻው የግንብ ድጋፍ 6 ሜትር ያህል ወጥቶ በአየር ላይ ይቆማል፤ የሚሸከሙት በውስጡ የተሰወሩ የብረት ተሸካሚዎች ናቸው። ሳሎኑንና የምግቡን ክፍል የሚለያቸውም ግድግዳ ሳይሆን የእሳት ምድጃ ነው።

ሮቢ በዚህ ቤት የኖረው ከአንድ ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ዕዳና የትዳር መፍረስ አስለቀቁት። በ1926 አንድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገዛው፤ የፈለገው ግን ቦታውን እንጂ ቤቱን አልነበረም። በ1941 ቤቱን ለማፍረስ መታሰቡን የደረሰበት አንድ የሕንፃ ጥበብ ተማሪ ነው፤ ለመምህራኑ ነገረ፥ ተቃውሞም ተነሣ። በ1957 ደግሞ የተማሪዎች ማደሪያ እንዲሠራበት ታሰበ። ዘጠና ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ራይት ራሱ መጥቶ ተከራከረ።

ማደሪያ ማጣት ምን እንደ ሆነ ተማሪ ሁሉ ስለሚያውቅ ነገሩ ቀላል አልነበረም። እዚህ ላይ ግን ሁለት የተማሪዎች ማኅበራት ማደሪያው በምትኩ እንዲሠራበት የራሳቸውን መኖሪያ ለመስጠት ተነሡ። በ1958 ዊልያም ዜከንዶርፍ የተባለ የሕንፃ ነጋዴ ቤቱን ገዛ፤ በ1963 ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው። በ2019 ከሌሎች ሰባት የራይት ሥራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ጓደኞቻችን፤ «ቅርስ ይጠበቅ» ብሎ መናገር ወጪ የለውም። እነዚያ ተማሪዎች ግን አስቀድመው ቤቱ ምን እንደ ሆነ ዐወቁ፤ ቀጥለውም «የእኛን ውሰዱ» አሉ። እኛም ስለ አሮጌ ቤት በምንከራከርበት ቀን፥ ዕውቀታችንና የምንሰጠው ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድመን እንጠያየቅ።