ለውሸት ሚንበር የሚሠራ ገንዘብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ስለ ምላስ ጥፋት ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ምላስን ስለሚቀልበው ኪስ እንነጋገር። ውሸታም ብቻውን ሩቅ አይደርስም። አዳራሽ የሚከራይለት፣ ድምፅ ማጉያ የሚገዛለት ሰው ይፈልጋል። ታዲያ ወጪውን የሸፈነው ሰው «እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም» ቢል ከተጠያቂነት ያመልጣልን?

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ በይፋ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ምርጫ የተሸነፉት ዶናልድ ትራምፕና ደጋፊዎቻቸው ምርጫው በሴራ ተሰረቀ አሉ። ከ60 በላይ ክሶች ለፍርድ ቤቶች ቀረቡ፤ ውጤቱን የሚለውጥ ማስረጃ ግን አልተገኘም። ሆኖም ወሬውን ያመኑ ሰዎች ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 የምክር ቤቱን ሕንፃ ካፒቶልን ሰብረው ገቡ። ከዚያም በኋላ 147 የምክር ቤት አባላት ውጤቱ እንዳይጸድቅ ድምፅ ሰጡ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ታላላቅ ኩባንያዎች ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጡትን ገንዘብ እንደሚያቆሙ አስታወቁ። ከ1907 ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ ኩባንያ ከካዝናው አውጥቶ ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስለዚህ ኩባንያዎች በስማቸው ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ኮሚቴው ከኃላፊዎችና ከሠራተኞች መዋጮ ሰብስቦ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። ገንዘቡ ለዘመቻ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ለሰጪው በር ይከፍታል፤ ለተቀባዩም የተከበረ ስም ያውሰዋል።

ሁላችንም የምናውቀውን ቶዮታን እንውሰድ። በ2021 አጋማሽ ኮሚቴው ከ147ቱ ለ37ቱ 55,000 ዶላር መስጠቱ ታወቀ። ደንበኞች ሲቆጡ፣ በጁላይ ወር ለእነዚህ ሰዎች መስጠት አቆምኩ አለ። በ2022 የጸደይ ወራት ግን፣ ሁከትን ለሚያበረታቱ አልሰጥም እያለ፣ ከእነርሱ ለአንዳንዶቹ መስጠቱን ቀጠለ። እንዲህ ያደረገው እርሱ ብቻ አልነበረም። ቁጣው ሲበርድ ኪሱ ተፈታ።

«ይህ የእነርሱ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስደተኞችና ሙስሊሞች በሴራ ተጠርተው የነጩን ሕዝብ ሊተኩ ነው የሚል ወሬ አለ። ማርች 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች በጁሙዓ ቀን 51 ሙስሊሞችን በሁለት መስጂዶች የገደለው ሰው ለጽሑፉ የሰጠው ርዕስ የዚህኑ ወሬ ስም ነው። አላህ ይዘንላቸው። ይህንኑ ወሬ ከዚያ በፊት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩት ስቲቭ ኪንግ ያስተጋቡት ነበር። ኢንቴልና የወተት ኩባንያው ላንድ ኦሌክስ ድጋፋቸውን ያቆሙት በ2018 መጨረሻ ነው፤ ሰውዬው በምክር ቤቱ 15 ዓመት ከተቀመጡ በኋላ።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል ሲራን የሚያውቅ አንድ ጥያቄ ይጠይቀናል። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የቅጥፈት ወሬ በተነዛ ጊዜ ካሠራጩት አንዱ ሚስጠሕ ነበር። ሚስጠሕ ደግሞ በአባቷ በአቡበክር (ረ.ዐ) ገንዘብ የሚኖር ድሀ ዘመዳቸው ነው። አቡበክር ሁለተኛ አልሰጠውም ብለው ማሉ። አላህም በሱረቱ ኑር ይቅር እንዲሉ አመለከተ፤ እርሳቸውም መስጠታቸውን ቀጠሉ። «እንግዲያው ኩባንያዎቹ ቢመለሱ ምን ነውር አለው?» ይባል ይሆናል።

ልዩነቱን እናስተውል። ሚስጠሕ የሚቀበለው የዕለት ጉርሱን ነው። በገንዘቡ ወሬ አላሠራጨበትም። ቅጥፈቱ ከሰማይ በወረደ ወሕይ ተጋልጧል፤ በሐዲስ እንደተዘገበው እርሱም ቅጣቱን ተቀብሏል። አቡበክርም በምላሹ የፈለጉት የአላህን ምሕረት እንጂ ሌላ ጥቅም አልነበረም። የምርጫ መዋጮ ግን ለተራበ አፍ ጉርሻ አይደለም። ተናጋሪውን ሚንበር ላይ የሚያወጣ መሰላል ነው። ውሸቱን ሳያነሣ፣ ሳይጸጸት መሰላሉን መልሶ ማቆም ይቅርታ አይባልም። ንግድ ነው።

ውድ ቤተሰቦች፣ በአሜሪካ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ የእነዚህ ኮሚቴዎች መዝገብ በፌዴራሉ የምርጫ ኮሚሽን ዘንድ ለሁሉም ክፍት ነው። ተመልከቱት፤ ለምትሠሩበትም ለምትገዙበትም ኩባንያ ጻፉ። በ2021 የደንበኞች ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ የጠፋው ድምፁ ዝም ሲል ነው።

የራሳችንንም ጓዳ እንፈትሽ። ስለ ክትባት ወይም ስለ ሌላ እምነት ተከታዮች የሚነዛ የሴራ ወሬ በስልካችን ሲደርሰን፣ የምንጠላውን ሰው ስለሚከስ ብቻ ሳናጣራ አላስተላለፍንምን? ሱረቱል ሑጁራት ወሬን እንድናጣራ ያዘዘችው ጠላታችን በተነካ ጊዜም ጭምር ነው። አዋጡ ስንባልም ገንዘባችን የማንን ጉሮሮ እንደሚያረጥብ እንጠይቅ። በየውመል ቂያማ ገንዘባችንን ከየት እንዳመጣነው ብቻ ሳይሆን በምን ላይ እንዳዋልነውም እንጠየቃለን።

አላህ ምላሳችንንም ኪሳችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።