ጽጌረዳ በበርሜል

እሷ፦ ጽጌረዳ ለመትከል ግቢ የለኝም የምትሉ፣ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ጎራ በሉ። አሮጌ ባልዲው፣ የተቆረጠ በርሜሉ ሞልቷል።

እሱ፦ ታቹ ካልተበሳ ግን ውኃ ያቁራል፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

እሷ፦ እዚያው ያስበሱታላ! የመግረዣ መቀሳችሁንም አስሞርዱ። የደነዘ መቀስ ቅርንጫፉን ይጨፈልቀዋል፣ በቁስሉም በሽታ ይገባል።

እሱ፦ መቼ ይቆረጥ?

እሷ፦ ክረምቱ ሲወጣ። የደረቀውንና የተጠላለፈውን ማውጣት፤ ሌላውን ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ ከፍ ብሎ መቁረጥ።

እሱ፦ እኔ መቀስ ማብዛት አልወድም። የኛን ቀጋ ማን ይቆርጠዋል? ጽጌረዳ አይደል? በየአጥሩ ራሱን ችሎ ያብባል፣ ፍሬውም ይበላል።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ ግን ቀጋ ወቅቱን ጠብቆ ነው የሚያብበው። የበርሜሉ ደጋግሞ እንዲያብብ የጠወለገውን አበባ መቁረጥ ግድ ነው።

እሱ፦ እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ። ውኃውስ?

እሷ፦ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ። ቅጠሉን አታርጥቡት።