ዘይቤ ከተማሪው አፍ፦ የግጥም ትምህርት በሰቆጣና በዋግ ኽምራ



በየዓመቱ ነሐሴ 16 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ የሰቆጣና የአካባቢዋ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። አንዷ ታወጣለች፤ የቀሩት ይቀበላሉ። አውጪዋ ለጋሱን ታወድሳለች፤ ንፉጉን በነገር ጠቅ ታደርጋለች፤ ሰውን በዛፍ፣ በወንዝ፣ በአንበሳ እየመሰለች ታዜማለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያችው ልጅ በ9ኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጣ «ተለዋጭ ዘይቤ ማለት ምን ማለት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች። በአደባባይ ስትሠራበት የከረመችውን ነገር፣ ስሙን ባለማወቋ ብቻ፣ እንደማታውቀው ትቆጠራለች። ከዚህም የሚብሰው፣ እርሷ ራሷ አላውቅም ብላ ማመኗ ነው።

የዛሬው ንግግር መነሻ ይህ ነው። ሐሳቡም ባጭሩ ሲነገር፣ ዘይቤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከስሙ ሳይሆን ከተማሪው አፍ ይነሣ፤ ስሙ ኋላ ይምጣ የሚል ነው።

በብዙ ክፍሎች የተለመደው አካሄድ የዚህ ተቃራኒ መሆኑን መምህራን ሁሉ ያውቁታል። በመጀመሪያ አነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ እንቶኔ የሚሉት ስሞች ከነትርጓሜያቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። ቀጥሎ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምሳሌ ይሰጣል። በመጨረሻም ተማሪው ከአራት አማራጮች አንዱን እንዲከብ ይፈተናል። «እንደ» የሚለውን ቃል ያየ ሁሉ አነጻጻሪ ብሎ ይከብባል፤ መልሱም ልክ ይሆንለታል። ነገር ግን ገጣሚው ያንን ነገር ለምን በዚህኛው መሰለው፣ በሌላ ቢመስለው ምን ይጎድል ነበር ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ስሙን ያዘ እንጂ ነገሩን አልጨበጠም።

የአገሪቱ ጥንታዊ የግጥም ትምህርት ቤት ግን እንዲህ አልነበረም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥና አገባብ ማጥናቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ሁሉንም አጥንቶ እስኪጨርስ ድረስ ከመቀኘት አይከለከልም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ያሰበውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቆጥራል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ያመጣል። መምህሩም በተራው ቅኔ ይነግራል፤ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ያሳያል። ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ የሚደረሰው በዚህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሣው የዋድላ ቅኔ ቤት የሚገኘው በዚያው በወሎ ምድር እንደ መሆኑ መጠን፣ ይህ ልማድ ለዋግ ሰው ባዕድ አይደለም። የቅኔ ቤት በአብዛኛው የወንዶች ቤት ሆኖ ቢኖርም፣ በጎጃም ቅኔ በማስተማር ስማቸው የታወቀው እማሆይ ገላነሽ ሴትም ዓይነ ስውርም ነበሩ። የሻደይን ዜማ የምታወጣው ልጅ በክፍል ውስጥ ዝም የምትልበት ምክንያት ከተፈጥሮዋ የመጣ እንዳልሆነ ለማስረዳት ይህ አንድ ምስክር ይበቃል።

ይህ በሰቆጣ ክፍል ውስጥ በሥራ ሲውል ምን ይመስላል? በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሩ የመማሪያ መጽሐፉን ዘግቶ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከሻደይ፣ ከሠርግ፣ ከቀረርቶ ወይም ከእረኞች ዜማ አንድ ስንኝ እንዲያመጣ ይጠይቃል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስንኞቹ በጭብጨባ ይለካሉ። በየሐረጉ 4 ቀለም ያለው ቡሄ በሉ፣ 5 ያለው ሰንጎ መገን፣ 6 ያለው የወል ቤት መሆኑን ተማሪው በመጀመሪያ በእጁ ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ይቀበላል። በዚህ የሠለጠነ ጆሮ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. በወጣው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ የሠራበትን ባለ 8 ቀለም ሐረግ ሲያገኝ፣ ልዩነቱ ሳይነገረው ይታወቀዋል። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ይቀርባሉ፤ ምን በምን ተመሰለ? የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? የማያመሳስላቸውስ? የዘይቤው ስም በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

በዋግ ኽምራ ግን መምህሩን የሚገጥመው አንድ ጉዳይ አለ። በሰቆጣ ከተማ አማርኛ ቢሰፋም፣ ከገጠር ከሚመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት ከአገው ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በኽምጣንኛ ነው። ለእነዚህ ተማሪዎች ዘይቤዎች ሁሉ እኩል አይከብዱም። አነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራሉ፤ ጀግናን በአንበሳ የመሰለ ሰው በየትኛውም ልሳን ይግባባል። ኅብረ ቃል ግን አይሻገርም፤ በአንድ ቋንቋ ድምፅ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ለማስረጃ ያህል ለዚህ ንግግር የተሰናዳው የሚከተለው ስንኝ ይታይ፤

ንቡን ሳላስከፋ ከቀፎው ደጅ አርፌ፣
ማር ስል እውላለሁ እጄን አጣጥፌ።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ዋግ የማር አገር ስለሆነ ቀፎውን የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። ወርቁ የተቀበረው «ማር» በሚለው ቃል ነው። ቃሉ «ይቅር በል» ማለት መሆኑ ሲታሰብ፣ በቀፎው ደጅ የተቀመጠው ሰው ማር ቆራጭ መሆኑ ይቀርና ጌታውን አስቀይሞ ደጅ የሚጠና በደለኛ ይሆናል። ንቦቹ የጌታው አሽከሮች ይሆናሉ፤ የታጠፈው እጅም የልመና ምልክት ይሆናል። አፉን በአማርኛ የፈታ ተማሪ ይህን ለማግኘት ጥቂት ማሰብ ይበቃዋል። አፉን በኽምጣንኛ የፈታው ግን የቃሉን ሁለተኛ ፍቺ ካልሰማ፣ ቀኑን ሙሉ ቢያስብም አያገኘውም። የጎደለው አንድ የቃል ፍቺ ሆኖ ሳለ፣ አእምሮ እንደጎደለው ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ በዋግ ኽምራ የትምህርቱ ቅደም ተከተል በዚህ መሠረት ቢስተካከል ይጠቅማል። ተማሪው ከቤቱ የኽምጣንኛ ስንኝ ያምጣ፤ ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ በመመለስ ላይ ሳለም የተሻገረውንና የቀረውን ለክፍሉ ያስረዳ። ኅብረ ቃልን የሚማረው ከዚህ በኋላ ይሁን፤ የሁለት ፍቺ ቃላትም አስቀድመው ይሰጡት። አንድን ስንኝ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ለማሻገር የደከመ ተማሪ፣ ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ከማንም በተሻለ ይረዳል፤ ምን በቃሉ ላይ እንዳለ፣ ምን ከቃሉ በታች እንዳለ በራሱ ሥራ ለይቶታልና።

በዚህ አካሄድ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው የጊዜ ነው። ተማሪው በበዛበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ፣ የቅኔ ቤትን ልማድ መከተል አይቻልም ይባላል። እውነትነት አለው፤ የቅኔ ተማሪ ዓመታት ይሰጣል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ሌላም ብዙ ትምህርት አለበት። ነገር ግን እዚህ የተጠየቀው ሦስት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ስሞቹን ደጋግሞ ለማስጠናት የሚባክነውም ከዚህ አያንስም። ሁለተኛው መቃወሚያ፣ ተማሪ የሰፈሩን ዜማ ብቻ ይዞ ከታላላቆቹ ገጣሚያን ሥራ ይርቃል የሚል ነው። ይህ የሚሆነው መምህሩ ከዜማው ላይ ከቆመ ነው። ዜማው መግቢያ በር ነው፤ በበሩ ያልገባ ወደ ቤቱ አይደርስም።

ሦስተኛው ግን መቃወሚያ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ በጥንቃቄም ሊታይ ይገባዋል። በሕዝቡ ዘንድ ከፍተኛው ግጥም ያለው በለቅሶ ነው። አልቃሽ የሟችን ቁመና፣ ሙያና ደግነት በሁለት ስንኝ ታቆመዋለች። ዋግ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ ሲዘልቅም ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ትምህርትም ተቋርጧል። ዛሬ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ከሚቀመጡት መካከል ያን ጊዜ በልጅነት ያዩት አሉ። «ሙሾ አምጡ» የሚለው የቤት ሥራ ለአንዱ የዘይቤ መልመጃ ሲሆን፣ ለሌላው ያልሻረ ቁስል መንካት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ሙሾን ማንንም ሊያስገድድበት አይገባም፤ ወዶ ላመጣውም ነጥብ አይሰጥበት፤ በሰው ፊት አያርመው። ይሁን እንጂ በሩን ጨርሶ መዝጋትም ተገቢ አይደለም። ሐዘንን በቀጥታ ለመናገር አፍ እምቢ ሲል በምሳሌ መናገር እንደሚቻል፣ የዋግ እናቶች ከማንም መምህር አስቀድመው ያወቁት ነው። ዘይቤ የንግግር ጌጥ ብቻ አለመሆኑ ለተማሪው የሚገለጥለትም እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ ለማኅበሩ አባላት የሚቀርብ አንድ ቀላል ሐሳብ አለ። በየትምህርት ቤቱ የአማርኛ ክፍል አንድ ወፍራም ደብተር ይኑር። ተማሪዎች ያመጧቸው ስንኞች፣ በኽምጣንኛ የተባለው ከነአማርኛ ትርጉሙ፣ ከየት ቀበሌና በምን በዓል እንደተሰማ፣ ዓመተ ምሕረቱም ተጨምሮ ይጻፍበት። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ በዚያ ላይ ይጨምር። ደብተሩ ለመምህሩ የምሳሌ ማኅደር ይሆነዋል፤ አረጋውያን ባለፉ ቁጥር የሚጠፋውንም ዜማ ያቆያል። ለመጀመር ከመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት የተሻለ ጊዜ የለም፤ የሻደይ ዜማ ገና ከልጆቹ አፍ አልጠፋምና።