በጥቂት ገንዘብ ስለ መጓዝ



እኔና ባለቤቴ በሞያሌ ተሻግረን ኬንያንና ዩጋንዳን በአውቶቡስ ካየን በኋላ፥ በቀረችን ገንዘብ ወደ ሐይቅና አምባሰል ወጣን።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለ ሆነ፥ ብቻዬን ገባሁ። ባለቤቴ ግን ከመንደሩ ሴቶች ጋር ቆይታ፥ የቀረበላት ቡና ለእርስዋ ሲባል ከጎረቤት የተበደሩት መሆኑን ተረዳች። በአምባሰልም፥ በግሸን መንገድ ሲመሽብን ያሳደሩን ሰዎች ዋጋ አልጠየቁንም።

ይህ አገር በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረሃብ ክፉኛ የተጎዳ ነው። እንግዲህ በጥቂት ገንዘብ መጓዝ ማለት የራስን ምቾት መቀነስ እንጂ ከድሀ ጓዳ መቆጠብ አይደለም። ለመስተንግዶ ገንዘብ መክፈል ነውር ቢሆን፥ ቡናና ስኳር ይዞ መግባት ማንንም አያሳፍርም።

በዕረፍታችሁ ተነሡ፤ አገራችሁን እዩ፤ ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ።